«አራት ዓመት የተማርሽው ፊሽካ ልትነፊ ነው?»

«ጤና ይስጥልኝ እትዬ። 22 ዓመቴ ነው። የተወለድኩት አዲስ አበባ፣ ከስድስት ዓመቴ ጀምሮ ያደግኩት ደግሞ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በሜይ ወር በባዮሎጂ ተመረቅኩ። አራቱንም ዓመት ለኮሌጃችን የሴቶች ቡድን በተከላካይነት ተጫውቻለሁ፤ የመጨረሻውን ዓመት አምበል ነበርኩ። ቡድናችን ከኮሌጅ ስፖርት ሦስት ደረጃዎች የመጨረሻው፣ ዲቪዥን 3፣ ስለሆነ በኳሱ አንድ ዶላር ስኮላርሺፕ አላገኘሁም። ግማሹን በብድር ተማርኩ፣ ግማሹን እማዬና አባዬ ከፈሉ። አሁን ኦሃዮ ያለ አንድ ዲቪዥን 2 ኮሌጅ የሴቶች ቡድኑ ረዳት አሰልጣኝ እንድሆን ጠይቆኛል። ሥራው ሁለት ዓመት ነው። የማስተርስ ትምህርቴን ይከፍሉልኛል፣ ትንሽ የወር አበልም አለው። በዚያው ሳምንት የነርሲንግ ትምህርት ቤትም ተቀበለኝ።

ለእማዬ ስነግራት እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ዝም አለች። ቆይታ «አራት ዓመት የተማርሽው ፊሽካ ልትነፊ ነው?» አለችኝ። እማዬ በሳምንት ስድስት ቀን በየቤቱ እየሄደች አረጋውያን ትንከባከባለች። አባዬ በየዓመቱ የሰሜን አሜሪካው የኢትዮጵያውያን ውድድር የማያመልጠው የኳስ ሰው ነው፤ ግን «ኳስ ለቅዳሜ እንጂ ለእንጀራ አይሆንም» ብሎ ወሬውን ዘጋው። ኮሌጁ እስከ ወሩ መጨረሻ መልስ ይፈልጋል። ይሄ ሥራ እውነት ሥራ ነው? ልሂድ? ብሄድስ እንዴት ብዬ ልንገራቸው? ግራ የገባት አምበል ነኝ።»

ውድ አምበል፣

መልሴን ላስቀድም፦ ሂጂ። ግን በቃል ብቻ በተነገረሽ ነገር አትሂጂ፤ የእናትሽን ጥያቄም ሳትመልሺ አትሂጂ። ጥያቄያቸው ትክክለኛ ጥያቄ ነውና ከእሱ ልጀምር።

እኔ በኮሌጅ የሴቶች እግር ኳስ አሥራ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ፤ አምስቱን በረዳትነት፣ ስድስቱን አንድ ትንሽ ኮሌጅ ውስጥ በዋና አሰልጣኝነት። ፊሽካ የነፋሁበትን ሰዓት ሁሉ ብደምረው የሥራዬን አንድ አሥረኛ አይሞላም። የውድድሩ ወቅት ከኦገስት እስከ ኖቬምበር ነው፣ በጣም የቀናቸው ቡድኖች ዲሴምበር ድረስ ይዘልቃሉ። በዚያ ወቅት ደንቡ ተጫዋቾቹ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ እንዳይሠሩ ይከለክላል፣ አንድ ቀንም እረፍት ይሰጣቸዋል። ላሰልጣኟ ግን ሰዓት የሚቆጥርላት የለም። ሌሊት የተጋጣሚን ቪዲዮ ታያለች፤ ጠዋት የማን ውጤት እንደወረደ ከመምህራን ጋር ትነጋገራለች፤ አውቶቡስ ትከራያለች፣ የሃያ አምስት ሰው ምሳ ታዛለች፤ ዝናብ የመታውን ማልያ ታጥባለች። ረዳት ስትሆኚ ደግሞ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የአንቺ ናቸው።

ወቅቱ ሲያልቅ ትልቁ ሥራ ይጀምራል፣ ምልመላው። ሁለተኛ ደረጃ ያሉ ልጆችን ፍለጋ ቅዳሜና እሁድን በየክለቡ ውድድር ዳር ላይ ታጣፊ ወንበር ዘርግተሽ ታሳልፊያለሽ፤ በአንድ ቀን ስድስት ሰባት ጨዋታ አይተሽ ማታ ማስታወሻሽን ታስተካክያለሽ። ዲቪዥን 1 ውስጥ አሰልጣኝ ለአንዲት ልጅ በቀጥታ መልእክት መላክ የሚችለው 10ኛ ክፍልን ከጨረሰች በኋላ ከጁን 15 ጀምሮ ነው። ያን ቀን ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ስልኩ ሁሉ ይጮኻል። ከ2018 ወዲህ ደግሞ የዝውውር መዝገቡ መጥቷል። አንድ ዓመት ሙሉ ለምነሽ ያመጣሻት ልጅ ስሟን አስገብታ በሁለት ሳምንት ሌላ ኮሌጅ ልትሄድ ትችላለች። አትቀየሚያት፤ እሷም ሕይወቷን ነው የምትፈልገው።

ይሄ ሁሉ ግን የሥራው ቅርፊት ነው። እምብርቱን የማውቀው ከአንዲት ሌሊት ነው።

በረዳትነቴ ሦስተኛ ዓመት፣ ኦክቶበር ላይ፣ ከሜዳችን ውጭ ስንጫወት አንዲት አማካያችን ማንም ሳይነካት ወደቀች። ተጫውተሻልና ያን አወዳደቅ ታውቂዋለሽ፤ ጅማቱ ሲበጠስ ያሰማውን ድምፅ ከተቀያሪ ወንበር ሰማሁት። ዋና አሰልጣኟ ጨዋታውን መጨረስ ነበረባት፣ አምቡላንሱ ውስጥ የገባሁት እኔ ነኝ። መንገድ ላይ ታኬታዋን ላወልቅላት ስል እጄን ያዘችኝ። «ካወለቅሽው አለቀልኝ ማለት ነው» አለች። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ አንድ እግሯ ባዶ፣ አንዱ ታኬታ እንዳጠለቀ፣ ከታኬታው ሥር ሣርና ጭቃ ነጩ አንሶላ ላይ እየረገፈ እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተቀመጥን። እናቷ ጋ ደወልኩ። ቤተሰቡ ቴክሳስ ነው፣ በዚያ ሌሊት መምጣት አይችሉም። እናትየው መጀመሪያ የጠየቁኝ ስለ ጉልበቷ አልነበረም። «እራት በልታለች?» አሉኝ። አልበላችም ነበር። ሮጬ ሄጄ ከማሽን ብስኩትና ጭማቂ ገዛሁና ስትበላ ስልኩን አፏ አጠገብ ያዝኩላቸው። ስታኝክ እንዲሰሙ ፈለጉ።

እኚህ ሴት በኦገስት ልጃቸውን ሲያመጡ ማደሪያው በር ላይ ሁለት እጄን ይዘው በሰባራ እንግሊዝኛ ረጅም ነገር ነግረውኝ ነበር። በእኛ ቋንቋ አንድ ቃል ነው፦ አደራ። እናትሽ በየቀኑ የሰው እናትና አባት በአደራ ይረከባሉ። ስለ ኦሃዮው ሥራ ስትነግሪያቸው ከኳሱ አትጀምሪ፣ ከዚህ ጀምሪ። የሥራው ቃል እሳቸው አፍ ውስጥ ያለ ቃል ነው።

አሁን ወደ «እንጀራ ይሆናል ወይ» ልምጣ፤ አባትሽ ለዚህ ጥሩ መልስ ይገባቸዋል።

ናኦሚ ግርማን እንደሚያውቋት አልጠራጠርም። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ሳን ሆሴ የተወለደች፣ እዚያው ያሉ የእኛ ሰዎች ባቋቋሙት ማለዳ የሚባል የልጆች ቡድን ኳስ የጀመረች፣ በጃንዋሪ 2025 ቼልሲ ከአንድ ሚሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ የወሰዳት ተከላካይ። በዲሴምበር 2019 ስታንፎርድ እዚያው ሳን ሆሴ ላይ ኖርዝ ካሮላይናን በመለያ ምት አሸንፎ የኮሌጆችን ዋንጫ ሲያነሳ እሷ ሜዳ ላይ ነበረች። የስታንፎርድ ተቀያሪ ወንበር ላይ ግን ሰው ስሟን የማይጠራት ረዳት አሰልጣኝ ነበረች፣ ማርገሪት አኦዛሳ። ከሦስት ዓመት በኋላ ያቺው ረዳት የሎስ አንጀለሱን ዩኒቨርሲቲ፣ ዩሲኤልኤን፣ በዋና አሰልጣኝነት ይዛ፣ በመጀመሪያ ዓመቷ፣ ፍጻሜ ደረሰች። እስከ 80ኛው ደቂቃ በኖርዝ ካሮላይና 2 ለ 0 ተበልጠው ነበር። አንዱን መለሱ፤ ሁለተኛውን ያስቆጠሩት 16 ሰከንድ ሲቀር ነው፤ በተጨማሪ ሰዓት 3 ለ 2 አሸነፉ። አባትሽ የኳስ ሰው ናቸውና የዚያን ጨዋታ መጨረሻ አብራችሁ እዩት። ካሜራው ወንበሩን ሲያሳይ አሰልጣኟን አሳያቸው። ዋና ወንበር ላይ ከመቀመጧ በፊት ለዓመታት ረዳት እንደነበረችም ያኔ ንገሪያቸው።

ጂል ኤሊስን ጨምሪ። እንግሊዝ ተወልዳ በልጅነቷ ለሴት የሚሆን ቡድን አላገኘችም። አሜሪካ ከመጣች በኋላ ነው ቡድን ውስጥ የገባችው። ከኮሌጅ በኋላ አንድ የቴሌኮም ኩባንያ ውስጥ የቴክኒክ ጽሑፍ አዘጋጅ ሆና ደህና ደሞዝ ይዛ ነበር፤ እሱን ትታ በጣም አነስተኛ ክፍያ ወዳለው የኮሌጅ ረዳት አሰልጣኝነት ገባች። ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ኢሊኖይ፣ ከዚያ ዩሲኤልኤ። በ2015ና በ2019 የአሜሪካን ብሔራዊ ቡድን ይዛ የዓለም ዋንጫን ሁለት ጊዜ ተከታትላ አነሳች። ቤኪ በርሊ ደግሞ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ቤሪ የሚባል ትንሽ የጆርጂያ ኮሌጅን ተረክባ፣ በ1995 ፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ላይ ቡድኑን ከባዶ ሜዳ ጀምራ፣ በ1998 ኖርዝ ካሮላይናን በፍጻሜው 1 ለ 0 ረታች። እስከ 2021 እዚያው ቆየች። ከበርሊ በፊት የዲቪዥን 1 የሴቶችን ዋንጫ ያነሱት አሰልጣኞች በሙሉ ወንዶች ነበሩ፤ ውድድሩ በ1982 ከተጀመረ አሥራ ስድስት ዓመት መሆኑ ነው።

ይሄ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሴቶች በትምህርት ቤት ስፖርት እኩል ዕድል እንዲያገኙ ያዘዘው ሕግ፣ ታይትል ናይን፣ በ1972 ሲወጣ የኮሌጅ ሴት ቡድኖችን ከሚያሰለጥኑት ከ90 በመቶ በላይ ሴቶች ነበሩ። ዛሬ ከግማሽ በታች ናቸው። ሕጉ ገንዘብ አመጣ፣ ገንዘቡ ክብር አመጣ፣ ያኔ ወንዶቹ መጡ፤ የሚቀጥሩትም በአብዛኛው ወንዶች ነበሩ። ወንድ አሰልጣኝ መጥፎ ነው እያልኩሽ አይደለም፤ እኔን ያስተማሩኝ ሁለቱ ምርጦች ወንዶች ናቸው። ግን አንዲት የ18 ዓመት ልጅ የወር አበባዋ ስለቀረባት ሌሊት ማንቀላፋት አቅቷት ስትመጣ በሩን የምታንኳኳው የእኔን ነበር። አንቺ ስትሄጂ ደግሞ፣ ሐበሻ አሰልጣኝ አይተው የማያውቁ ልጆቻችን አንዲት ያያሉ። ስንቷ ጎበዝ ልጅ ናት እሁድ ጨዋታ ከቅዳሴ ጋር ተጋጨ፣ ቤት ውስጥ ሥራ አለ፣ እግርሽ ጠባሳ ይሆናል እየተባለች በአሥራ አራት ዓመቷ ታኬታዋን የሰቀለችው! የቤተሰቡን ነገር ያለ አስተርጓሚ የምትረዳ አሰልጣኝ ብታገኝ ኖሮ አንዳንዷ ኳሱ ላይ ትቆይ ነበር።

ስለ ጭንቁም በግልጽ ልንገርሽ። ደሞዙ ከነርስ ደሞዝ ጋር አይወዳደርም፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከቶ አይቀራረብም። እኔ የመጀመሪያውን ዓመት የሠራሁት በነጻ ነው፣ «በጎ ፈቃደኛ ረዳት» በሚል ስም፤ ማታ ማታ ሆቴል እንግዳ መቀበያ እሠራ ነበር። ዲቪዥን 1 ያንን የሥራ ስም የሰረዘው በጁላይ 2023 ነው። ስለዚህ ትምህርት ተከፍሎልሽ መጀመርሽ ትንሽ ነገር አይደለም። የረዳት እንጀራ ደግሞ በዋናዋ ላይ የተንጠለጠለ ነው። አራተኛ ዓመቴ ላይ የነበርኩበት ኮሌጅ አዲስ ዋና አሰልጣኝ ቀጠረ። ሰውየው የራሱን ረዳቶች ይዞ መጣ። ማክሰኞ ጠዋት ነገሩኝ፣ ማክሰኞ ማታ ቢሮዬ አንድ ካርቶን ውስጥ ነበር። የኮሌጅ ስፖርት በአጠቃላይ አሁን እየተናጠ ነው። በጁን 2025 ፍርድ ቤት ባጸደቀው ስምምነት፣ የተቀበሉት የዲቪዥን 1 ኮሌጆች ለተጫዋቾች በቀጥታ መክፈል ጀምረዋል፤ የሴቶች እግር ኳስ ቡድን ከ28 ተጫዋች እንዳይበልጥም ተገድቧል። የአንቺ ዲቪዥን 2 ነውና ነፋሱ በቀጥታ አይመታሽም፣ ግን ወደፊት ልትሄጂበት የምትፈልጊው ቤት ነው የሚናጠው።

ስለዚህ ከመፈረምሽ በፊት ኦሃዮ ደውይና በጽሑፍ እንዲሰጡሽ ጠይቂ። አበሉ ለስንት ወር ነው፣ ለዘጠኝ፣ ለአሥር ወይስ ለአሥራ ሁለት? በየሴሚስተሩ የሚከፍሉት ስንት ክሬዲት ነው፣ ልዩ ልዩ ክፍያዎቹንስ ይሸፍናል? የጤና መድን አለው? ማደሪያስ? በጋ ላይ የልጆች ካምፕ ስትሠሪ ለብቻው ይከፈልሻል? የአሰልጣኝነት ፈቃድሽን ማን ይከፍላል? ከሁሉም በላይ ይቺን ጠይቂ፦ ዋና አሰልጣኟ በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ ብትለቅ ሁለተኛው ዓመት ትምህርቴ ይከፈላል ወይ? ይሄን ስትጠይቂ ማፈር የለም። የሚቆጣ ሰው ካለ ቀድመሽ ማወቅሽ ይጠቅምሻል። ከአንቺ በፊት እዚያ ቦታ ላይ የነበረችውን ልጅም ፈልገሽ አናግሪያት፤ አሁን የት እንዳለች፣ ዋና አሰልጣኟ ሥራ ፍለጋ ላይ ረድታት እንደሆነ። እኔ በማንኛውም ወረቀት ላይ ከተጻፈው ሁሉ ይልቅ ይሄን አምናለሁ።

ማስተርሱን በጥንቃቄ ምረጪ። ሁሉም የስፖርት አስተዳደር ይወስዳል። አንቺ አትውሰጂ። ባዮሎጂ አለሽ፤ የሕዝብ ጤና ካለ እሱን፣ ከሌለ የሥነ ልቦና ምክር ወይም ትምህርት ውሰጂ። ኳሱ ቢከዳሽ ብቻውን የሚቆም ዲግሪ ይሁን። የአሰልጣኝነቱን ትምህርት በአሜሪካ እግር ኳስ ፌዴሬሽን የፈቃድ መሰላል ላይ ጎን ለጎን ታገኝዋለሽ። ከጀማሪዎቹ ኮርሶች ወደ ዲ፣ ከዚያ ሲ እያልሽ ትወጫለሽ፤ በሁለቱ ዓመት ውስጥ ሲ ላይ ለመድረስ ሞክሪ። በየጃንዋሪው የአሰልጣኞች ማኅበሩ፣ ዩናይትድ ሶከር ኮችስ፣ ትልቅ ጉባኤ አለው። ሥራ የሚገኘው እዚያ ኮሪደሩ ላይ ነው፤ አልጋ ተጋርተሽም ቢሆን ሂጂ። ለሴት አሰልጣኞች የቆመው ዊኮች የሚባለው ድርጅትም አለ፣ ተመዝገቢ።

አንድ የማይነገር ችግር አለ፣ ዕድሜሽ። 22 ነሽ፣ አራተኛ ዓመቶቹ 21 ናቸው። ባለፈው ኖቬምበር እንደ እነሱ ነበርሽ። ቡና እንጠጣ ይሉሻል፣ ሆድ ሲብሳቸው ያዋዩሻል፣ ዋናዋን ያሙልሻል። ከመጀመሪያው ቀን መስመሩን አስምሪ፦ ግብዣቸው ላይ አትገኚ፣ ሌሊት ለአንዷ ብቻ መልእክት አትጻፊ፣ በሰውነቷ ክብደት ላይ አንዲት ቃል አታውጪ። በኦክቶበር 2022 ስለ ሴቶች ፕሮፌሽናል ሊግ የወጣው የጠበቃዋ የሳሊ ዬትስ ምርመራ አሰልጣኞች በተጫዋቾቻቸው ላይ ያደረሱትን በደል ሲዘረዝር ሥሩ ከልጆች ኳስ እንደሚጀምር ነው ያሳየው። ወደዚያ የሚወስደው መንገድ የሚጀምረው ትንሽ በሚመስል ነገር ነው። የመጀመሪያዎቹ ወራት ላይ ብቸኛ ትሆኛለሽ፤ ኦሃዮም ብዙ ከተማ ውስጥ ሐበሻ አለ፣ ኮሎምበስ ቤተ ክርስቲያንም ምግብ ቤትም አታጪም።

ስለ ነርሲንጉ፦ በሩን አትዝጊው። ዛሬውኑ ደውለሽ ቅበላሽን ለአንድ ዓመት ማስተላለፍ ይቻል እንደሆነ ጠይቂ። እምቢ ቢሉም በ25 ዓመትሽ ነርሲንግ መግባት ትችያለሽ፤ ብዙ ሰው ከዚያ በላይ ዕድሜ ላይ ይገባል። ረዳት አሰልጣኝነት ግን ከተጫዋችነት እንደወጣሽ፣ አሰልጣኝሽ ስልክ ሲደወልለት ስለ አንቺ ትኩስ ነገር በሚናገርበት ጊዜ ነው በሩ ወለል ብሎ የሚከፈተው። እንደማስበው ይሄ ነው ልዩነቱ።

አሁን ለወላጆችሽ እንዴት እንደምትነግሪ። በስልክ አይሁን፣ በችኮላ አይሁን። እናትሽ ሥራ የማይገቡበትን ቀን ጠብቂ፤ ቡናው ይፈላ። አንቺ አፍይው። ሁለተኛው ስኒ ላይ የኮሌጁን ደብዳቤ አውጪ፣ በአማርኛ አንብቢላቸው። ቁጥሩን አትደብቂ፦ የትምህርቱ ክፍያ ይሄን ያህል ነው፣ እነሱ ይከፍላሉ፤ አበሉ ይሄን ያህል ነው፣ ትንሽ ነው፤ የብድሬን ክፍያ በትምህርት ላይ ስለሆንኩ ማዘግየት እችል እንደሆነ ጠይቄያለሁ። ከዚያ የሁለት ዓመት ቀጠሮ ስጫቸው። «በሁለተኛው ዓመት ኤፕሪል ላይ የሙሉ ጊዜ ሥራ ካላገኘሁ ለነርሲንግ አመለክታለሁ» በያቸው፤ ስትይም ከልብሽ ይሁን፣ ለማባበያ አትጠቀሚበት። እናትሽ ያለቅሱ ይሆናል። አትሟገቻቸው። አንቺን ለማስተማር የሰው አልጋ ሲያነጥፉ የኖሩ ሴት ናቸው፤ ልባቸው እስኪያርፍ ጊዜ ይፈልጋሉ።

አባትሽን በሌላ መንገድ አምጫቸው። ቀጠሮሽ ከጸና ሴፕቴምበር ላይ አንድ የሜዳችሁን ጨዋታ መርጠሽ ጥሪያቸው፤ ከሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና ይደርሳል። ጨዋታው ሊጀምር ሲል እንዳይመጡ፣ ሁለት ሰዓት ቀድመው ይምጡ። ኮን ስትደረድሪ፣ በረኛዋን ስታሟሙቂ፣ የተጎዳችውን ልጅ ቁርጭምጭሚት ስታዪ፣ አሰላለፉን ሰሌዳ ላይ ስትጽፊ ይዩሽ። እናትሽም አብረው ከመጡ ከጨዋታው በኋላ ከተጫዋቾቹ ወላጆች ጋር አስተዋውቂያቸው። ወላጅና ወላጅ ሲገናኙ አንቺ ትንሽ ራቅ በይ።

ኦሃዮ ግን ዛሬ ደውይ፤ ወሩ ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ነው የቀረው። በጽሑፍ የሰጡሽን ላኪልኝ፣ አብረን እናነበዋለን።